ከጨንቻ ቁልቁል የሚታየው ማኮብኮቢያ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ግን አገሩ ደጋግሞ ይለዋወጣል። ከታች የሙዝና የማንጎ ማሳ፣ ከፍ ሲሉ እንሰትና ቀርከሃ፣ ዶርዜ ሲደርሱ የዝሆን ራስ የሚመስሉት ረጃጅም ቤቶች፣ ጨንቻ ሲገቡ ደግሞ ጉም፣ ብርድና የፖም ዛፍ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ቆሞ ዞር ያለ ሰው ሁለቱን ሐይቆች አንድ ላይ ያያቸዋል፤ ዓባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ። በዓባያ በኩል፣ ከሲቀላ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ነው።

ይህ መስመር ለአራት ዓመታት ያህል የሶማሊያ ጦርነት አካል ነበር።

ነገሩ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው ጥቅምት 16 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ዋሽንግተን ፖስት የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ሪፐር የተባሉ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ከአርባ ምንጭ እያስነሳ ወደ ሶማሊያ እንደሚልክ ጻፈ። እንደ ዘገባው በረራው የተጀመረው በዚያው እ.ኤ.አ. 2011 ውስጥ ነበር፤ ማረፊያውን ለማሻሻል በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጥቷል፤ ለድሮኖቹ ማደሪያ የሚሆን አነስተኛ ግቢም ከጎኑ ተሠርቷል። ጋዜጣው ዋሽንግተን የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ፣ ኢትዮጵያ የውጭ ጦር ሰፈር አታስተናግድም የሚል ነበር። አንድ ቀን አልፎ የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ሰዎቹ አርባ ምንጭ መኖራቸውን አመነ። ቀጥሎም ድሮኖቹ ለቅኝት ብቻ የሚበሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ ናቸው ተባለ።

ሪፐር ከሩቅ ትንሽ አውሮፕላን ይመስላል እንጂ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ነው። አብራሪው በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ተቀምጦ በሳተላይት ይነዳዋል። መሣሪያ ካልተሸከመ ከአንድ ቀን በላይ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ቱሪስት ጭኖ ወደ ደቡብ ኦሞ ለሚያቀና የአገር ውስጥ በረራ በተሠራ የሲቪል ማረፊያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳና ሲያርፍ፣ የአካባቢው ሰው ስለ ጉዳዩ ማብራሪያ ማግኘት የነበረበት ከራሱ መንግሥት ነበር። ያገኘው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ከታተመ ጋዜጣ ነው።

ለምን አርባ ምንጭ? መልሱ ካርታ ላይ ነው። አሜሪካ በዚያን ጊዜ በአካባቢው ሌሎች ማረፊያዎች ነበሯት፤ አንዱ ጅቡቲ፣ ሌላው ሲሸልስ። በቀጥታ መስመር ሲለካ ከጅቡቲ እስከ ደቡብ ሶማሊያዋ ኪስማዩ 1,300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከሲሸልስ ደግሞ 1,500 ገደማ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ኪስማዩ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባይዶአም ከጅቡቲ ይልቅ ለአርባ ምንጭ ይቀርባል። የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አልሸባብ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ከሞቃዲሾ ከወጣ በኋላ ኃይሉን ያሰባሰበው በእነዚህ በደቡብና በመካከለኛው ሶማሊያ ከተሞች ዙሪያ ነበር። ከሰማይ ሆኖ ይህን ለሚከታተል፣ በጉዞ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ከቅኝቱ ላይ ይቀነሳል። አርባ ምንጭ ያን ሰዓት ትቆጥብ ነበር።

ጊዜው ራሱ ሌላው ምክንያት ነው። የጋዜጣው ዘገባ ከመውጣቱ 11 ቀን በፊት የኬንያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገብቷል። በኅዳር የኢትዮጵያ ጦር በበኩሉ ተመልሶ ገባ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ግድም በለድወይንን፣ በየካቲት 2012 ባይዶአን ያዘ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ሶማሊያ ውስጥ በቆየችበት ጊዜ ብዙ ደም ከፍላ፣ ብዙ ወቀሳም ተሸክማ ነበር የወጣችው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው እንዲለይ ከተፈለገ፣ ሠራዊቱ ከፊቱ ምን እንዳለ ከላይ የሚያይለት ዓይን ያስፈልገው ነበር። በዚህ ሚዛን አዲስ አበባ ማረፊያውን መፍቀዷ ያለ ስሌት የተደረገ ነገር አልነበረም። ከኤርትራ ጋር ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ፍጥጫ እንደቀጠለ ነበር፤ የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ላይ ተጥሎ ግብፅ ዓይኗን አፍጥጣ ነበር፤ በምሥራቅ አልሸባብ ነበር። በእንዲህ ያለ ዙሪያ መሃል ኃያል ወዳጅ የሚፈልገውን አንድ ነገር በእጅ መያዝ ዋጋ ነበረው።

ችግሩ እንዲህ ያለው ዋጋ በቶሎ የሚረግፍ መሆኑ ነው።

ይህን ለማየት ወደ አስመራ መመለስ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች በኋላ ቃኘው የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ የያዙት ከጣሊያን መሸነፍ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለችው አስመራ ለሬዲዮ ግንኙነት እጅግ የተመቸች ነበረች። በግንቦት 1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ ጣቢያውን ለ25 ዓመት የሚሰጥ ስምምነት ከወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ጋር ተፈራረሙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት አሜሪካ ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ወታደራዊ እርዳታ ግማሽ ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የተገነባው በዚህ ነው። በ1970ዎቹ ግን ሳተላይት መጣ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዲዬጎ ጋርሲያ የተባለችው ደሴት ተዘጋጀች፤ የአስመራ ተራራ ለዋሽንግተን የነበረው ዋጋ ወረደ። ደርግ በሚያዝያ 1977 ቃኘው እንዲዘጋ ሲያዝ፣ አሜሪካኖቹ ቀድሞውንም ዕቃቸውን ማሳነስ ጀምረው ነበር።

ከዚያ የሆነውን ይህ ትውልድ ከአባቶቹ ሰምቷል። በሐምሌ 1977 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኢትዮጵያ ገባ። ሶቪየት ኅብረት በርበራ ላይ የነበራትን የባሕር ኃይል ሰፈር ትታ ወደ አዲስ አበባ ዞረች፤ በኅዳር ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በርበራን ለአሜሪካ የሚከፍት ስምምነት ተፈረመ። ሁለት ጎረቤት አገሮች ጌታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ኃያላኑ ካርታቸውን አጥፈው ሌላ ገጽ ሲገልጡ፣ በጅጅጋና በሐረር ዙሪያ የወደቀው ግን በብዛት የዚሁ አካባቢ ልጅ ነበር።

ጨንቻ እንዲህ ያለውን የዋጋ መውረድ በራሷ አይታዋለች። ከምኒልክ ጦር መግባት በኋላ ገዢዎች የመረጧት ከፍታዋን ዓይተው ነው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ወባ የማይደርስባት፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ የምታይ ቦታ። ለአሥርት ዓመታት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆና ቆየች። ዘመኑ የመኪና መንገድና የአውሮፕላን ሜዳ ዘመን ሲሆን ያው ከፍታዋ ጠላቷ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አስተዳደሩ ተጠቅልሎ ወደ ሐይቆቹ ዳር ወረደ፤ አርባ ምንጭም ከተማ ሆነች። ጨንቻ ከዚያ በኋላ የቆመችው ማንም ጠቅልሎ ሊወስድባት በማይችለው ነገር ላይ ነው፤ በሸማዋና በኋላም በፖሟ። ከዶርዜና ከጨንቻ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የወረደው ሸማኔ ዛሬም በመቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሻግር ይውላል። እጁ ላይ ያለውን ሙያ ይዞት የመጣው ከተራራው ነው፤ ሌላ ቦታ ስለተገኘለት ሙያው አልረከሰም።

የአርባ ምንጩ ማረፊያ መጨረሻ የቃኘውን ይመስላል፤ ልዩነቱ በጸጥታ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ የገና በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በአርባ ምንጭ መቆየት ለጊዜው አስፈላጊ አለመሆኑ በጋራ እንደተወሰነ አስታወቀ። ለዜና ሰዎች አንድ አንቀጽ የማይሞላ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሐምሌ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ መጥተው፣ ኢትዮጵያ አልሸባብን በመዋጋት ላሳየችው ትብብር ምስጋናቸውን ገልጸው ሄደዋል። ምስጋናው ትኩስ እንዳለ ማረፊያው ተዘጋ።

በጎኑ የተከናወነውን ላየ ግን መዘጋቱ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የጅቡቲዎቹ ድሮኖች ከዋናው አየር ማረፊያ ወጥተው ሻቤሌ ወደተባለ የራሳቸው ሜዳ ተዛውረዋል። በግንቦት 2014 አሜሪካ ጅቡቲ ያለውን የካምፕ ለሞኒዬን ውል ስታድስ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ኬንያ ውስጥ ማንዳ ቤይ፣ ሶማሊያ ውስጥ ራሱ ባሊ ዶግሌ ነበሩ። አማራጩ ሲበዛ የአርባ ምንጭ 900 ኪሎ ሜትር የነበረውን ትርጉም አጣ።

ስለዚህ ማረፊያ ፍርድ ሲሰጥ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። አንደኛው፣ ኢትዮጵያ ነገሩን በልክ መያዟ መልካም ነበር። ቋሚ የጦር ሰፈር አልሆነም፤ በይፋ እንደተነገረው መሣሪያ የታጠቀ በረራ አልነበረም፤ ሲያበቃም ያለ ጠብ አበቃ። ማረፊያው ቆይቶ ቢሆን ምን ሊከተል ይችል እንደነበር ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 አልሸባብ ባሊ ዶግሌን በመኪና ቦምብ አጠቃ። በጥር 2020 ማንዳ ቤይ ላይ በከፈተው ጥቃት ሦስት አሜሪካውያን ሞቱ፣ አውሮፕላኖች ተቃጠሉ። አርባ ምንጭ ላይ ማረፊያው ያለው ተማሪዎች በሞሉባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ከነጭ ሳር ፓርክ ደጃፍ ነው።

ሁለተኛው ግን ጉዳት ነው፤ ይኸውም ምስጢሩ። ጅቡቲ ምን እንደምታከራይና ስንት እንደምትቀበል ዓለም ያውቃል። ያ ግልጽነት ለጅቡቲ የመደራደሪያ ጉልበት ሆኗታል፤ ከአሜሪካ ቀጥሎ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ በ2017 ደግሞ ቻይና ገብተው ከፈረንሳይ ጎን ሲሰፍሩ እያንዳንዱ የሚያወዳድረው ዋጋ ነበረው። የአርባ ምንጩ ስምምነት ይዘት ግን ለሕዝብ አልተገለጸም። ኤምባሲው የለም ያለውን ነገር የአሜሪካ አየር ኃይል በማግስቱ አለ ሲል፣ የተጎዳው የኢትዮጵያ ቃል ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲ ሰነድ የአገር ጥንካሬ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚታይ ነው ብሎ የተነሳ ነበር። ከዚያ አስተሳሰብ ጋር ለመስማማት፣ የውስጡ ሰው ከውጭው ቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ በቆመ። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ መዘጋት ወዲህ በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ የተጨመረው ተፎካካሪ ብዙ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2015 አሰብ ላይ ሰፈር ሠርታ የየመንን ጦርነት ከዚያ ተዋጋች፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ ነቅላ ወጣች። ቱርክ በ2017 ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ የማሠልጠኛ ሰፈር ከፈተች። በ2011 ድሮን ማሰማራት የኃያላኑ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ድሮን የሚሸጡት፣ የሚገዙትና የሚያበሩት የአካባቢው ኃይሎች ራሳቸው ናቸው። ኢትዮጵያም በነሐሴ 2021 ከቱርክ ጋር ወታደራዊ ትብብር ተፈራርማለች፤ ባይራክታር የሚለው የቱርክ ድሮን ስም በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በየቤቱ የተሰማ ሆነ። የዚያ ጦርነት ቁስል ገና አልሻረም፤ ድሮንን እንደ ተራ ዕቃ መጥራት ለብዙ ቤተሰብ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ፍጥጫ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ሞቃዲሾ ተቆጣች። በነሐሴ ግብፅና ሶማሊያ ወታደራዊ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የግብፅ የጦር መሣሪያ ሞቃዲሾ አረፈ። የዓባይ ውሃ ክርክር በሶማሊያ በኩል ዞሮ መጣ ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ያስታረቀችው ቱርክ ናት፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ማሕሙድ አንካራ ላይ የጋራ መግለጫ አወጡ። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ህዳሴ ተመረቀ፤ የካይሮ ቅሬታ ግን አብሮ አልተዘጋም።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል። የመግባቢያ ሰነዱ በተፈረመ ጊዜ ሙሉ ይዘቱ ለሕዝብ አልወጣም። ሐርጌሳ እውቅና አገኛለሁ ስትል፣ አዲስ አበባ በጥንቃቄ ስትናገር፣ ሞቃዲሾ የከፋውን ስትገምት፣ ሁሉም ያልታየ ወረቀት ላይ ተከራከረ። ክፍተቱን ካይሮ ሞላችው። የአርባ ምንጩ ምስጢር ያስከተለው ጉዳት የአንድ ቀን እፍረት ነበር፤ የ2024ቱ ግን የተቀናቃኝ አገር የጦር መሣሪያ በጎረቤት አገር እንዲያርፍ ሰበብ ሆነ። የባሕር በር ጥያቄ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትክክል በሆነ መጠን ደግሞ በብርሃን ሊያዝ ይገባዋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ለንደን ወይም ጄኔቫ መሄድ አያሻም፤ ጨንቻ አለች። የጋሞ ደጋ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከመዋሃዱ በፊት ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬና ሌሎችም ዴሬ በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ ብዙ ትናንሽ አገሮች የተከፋፈለ ነበር። ድንበር ነበራቸው፤ ይዋጉም ይታረቁም ነበር። የጦሩና የእርቁ ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፣ ተናጋሪው ይነሳል፣ ሌላው ይሰማል፣ እስኪስማሙ ድረስ ቀን ይቀጥራሉ፣ ሽማግሌ መርቆ ይዘጋል። ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በዱቡሻው ላይ ለረጅም ዘመን ድምፅ አልነበራቸውም፤ ይህ በደል ነው። ሆኖም የመናገር መብት የነበረው ሰው ሁሉ አገሩ ከማን ጋር ምን እንደተስማማ በጆሮው ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። የተሰማን ቃል ማፍረስ ከባድ ነው፤ ጎረቤት ዴሬም ያንን ስለሚያውቅ ያምናል።

ይህ ልማድ በሙዚየም ያለ ነገር እንዳልሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከደረሰ በኋላ፣ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ያን ያህል የተሰሙት በዚያች ቀን ስለተንበረከኩ ብቻ አልነበረም። ቃላቸው ከዚያ በፊትም በአደባባይ ሲነገር የኖረ፣ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ነው።

ዘመናዊው መንግሥት የራሱ ዱቡሻ በሕግ ተጽፎለታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ስለ ስምምነቶች አዋዋልና አጸዳደቅም አዋጅ ቁጥር 1024/2009 ወጥቷል። የጦር ስልት ዝርዝር፣ የበረራ ሰዓት፣ የወታደር ብዛት በምስጢር ቢጠበቅ ተገቢ ነው። የአገር መሬት፣ ወደብ ወይም ማኮብኮቢያ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ምላሽ ተሰጠ የሚለው ግን ከዚህ ወገን አይደለም።

የአርባ ምንጭ ማኮብኮቢያ ዛሬም ሜዳው ላይ አለ፤ መንገደኛ ያወርዳል፣ መንገደኛ ያነሳል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈለገው ቦታ ምናልባት በአፋር ወይም በሶማሌ ክልል ያለ ሌላ ሜዳ፣ አለበለዚያ በጎረቤት አገር ያለ ወደብ ይሆናል። ጋሞ ዞን በምክር ቤቱ ተወካዮች አሉት። ውሉ ሲመጣ ገልጦ ማንበብ፣ ካልመጣም የት አለ ብሎ መጠየቅ የእነርሱ ሥራ ነው፤ የመረጣቸው ሕዝብም ይህን ሊጠይቃቸው ይገባል።